ኩሽኔታ የመኪና ስም አያውቅም

ጎረቤቴ ሱሉልታ መግቢያ ላይ ቁርስ የሚሸጥበት ካራቫን አለው። ድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የመሐንዲሶች መኝታ ነበር። በጨረታ ገዛው፣ አንዱን ጎኑን አስቆርጦ ሰፊ መስኮት አወጣለት፣ አሁን ጨጨብሳና ማኪያቶ ይወጣበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በማለዳ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ወደሚበዙበት ሜዳ በፒክአፕ ይጎትተዋል። እኔ ድሮ ጋራዥ ስለሠራሁ ብልሽት ሲመጣ የሚደወለው ለእኔ ነው። ክፍያዬ ማኪያቶ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቅዳሜ ደወለ። "ኧረ ጎማው እንደ ምጣድ ግሏል!" አለኝ። ሄድኩ። የቀኝ ጎማው መሐል ላይ ያለው ክዳን እጅ አያስጠጋም። የቸርኬው ጀርባ በጥቁር ግራሶ ተረጭቷል። በክሪክ አንስተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስናወዛውዘው ቀቅ ቀቅ ይላል። ኩሽኔታው (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገው ብረት) አልቋል፣ ሲሉም (ግራሶውን ይዞ ውሃና ጭቃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት) ተቀዷል። እዚህ ድረስ ማንም መካኒክ በአምስት ደቂቃ ይነግራችኋል። ከባዱ የመጣው ሰኞ ዕለት የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስንወርድ ነው።

"የካራቫን ኩሽኔታ አለ?" ጎረቤቴ ነው ጠያቂው።

"የምን?"

"የካራቫን።"

"መኪናው ምንድነው ጋሼ? ቶዮታ ነው ኢሱዙ?"

"መኪና አይደለም የኔ ልጅ። ቤት ነው፣ ይጎተታል።"

ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አራት ሱቅ እንዲህ ዞርን። አምስተኛው ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ምንም ሳይጠይቁ እጃቸውን ዘረጉ፣ "አሮጌውን አምጡ" ለማለት ነው። አሮጌው ሱሉልታ፣ ባልዲ ውስጥ ነበር። በሽተኛውን ቤት ትቶ ሐኪም ቤት እንደመሄድ በሉት። የኔም ጥፋት ነው፣ ከጋራዥ ከወጣሁ ስለቆየሁ ረስቼው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለካራቫን ተብሎ ብቻ የሚሠራ ኩሽኔታ በአብዛኛው የለም። አንዱ መጠን መኪና ውስጥም፣ ወፍጮ ውስጥም፣ ተሳቢ ላይም ይገባል። አክስሉን (ጎማዎቹን የሚሸከመውን ዘንግ) የሠራው ድርጅት ከገበያ ካሉት መጠኖች ለክብደቱ የሚበቃውን መርጦ ይገጥማል፣ አለቀ። ስለዚህ "የምን መኪና ነው?" የሚለው ጥያቄ ለቶዮታ ይሠራል እንጂ ለካራቫን፣ ለውሃ ታንከር ተሳቢ፣ ለጄኔሬተር ጋሪ አይሠራም። እዚያ ላይ መልሱ ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። የአምራቹ ስም መጠኑን አይለውጠውም። ኤስኬኤፍ የስዊድን፣ ቲምኬን የአሜሪካ፣ ኤንኤስኬና ኮዮ የጃፓን ናቸው፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ሰው ብዙ ጊዜ ሱቅ ሄዶ የሚያነበው ስሙን ወይም የተሠራበትን አገር ነው። ሻጩን የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ ነው።

ቁጥሩን ለማንበብ መጀመሪያ ምን እያያችሁ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ልጆች ሳለን ሳንቃ ሥር ገጥመን ቁልቁለት የምንወርድበት ኩሽኔታ ውስጡ እንደ ብይ ያሉ ኳሶች ነበሩት። የካራቫን ሞዞ ስትከፍቱ (ሞዞ የምለው ቸርኬው የሚታሰርበትንና ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡበትን ብረት ነው) ኳስ አታገኙም። የምታገኙት በአንድ ጫፋቸው ሾጠጥ ያሉ ትንንሽ በርሜሎች ነው። ይህን ዓይነቱን ሄንሪ ቲምኬን በፈረንጆቹ 1898 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው፣ ለጋሪ ነበር ያሰበው። ሾጣጣነቱ ያለምክንያት አይደለም። ቀጥ ያለውን ክብደትም፣ ኩርባ ላይ ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋውንም አንድ ላይ ይሸከማል። በአንድ ጎማ ሁለት አሉ፣ ትልቁ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጪ በኩል፣ ክዳኑ ሥር።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። እያንዳንዱ ኩሽኔታ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ በርሜሎቹን የያዘው የውስጥ ቀለበት ነው፣ አክስሉ ላይ ይገባል። ሌላው የውጪ ቀለበት ነው፣ ሞዞው ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚቀር። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ማለትም በአንድ ጎማ አራት ቁጥር መጻፍ አለባችሁ። አንዱን ብቻ ጽፎ የሄደ ሰው ግማሹን ነው ይዞ የሄደው።

ቤት ተመልሰን ባልዲውን አወጣን። ቁራጮቹን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፈን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ፈተግን። ቁጥሩ ያለው በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ በቀጭኑ ተጽፎ፣ ግማሹ ሲሞቅ ሰማያዊ ሆኖ። እንዲህ ያለውን ፊት ለፊት ብርሃን ስታበሩበት አይታይም። የስልኩን መብራት ከጎን አጋድላችሁ ፎቶ አንሱትና አስፉት። እንዲህ አድርገን አራቱንም አገኘን። ትልቁ ኤል68149 የውስጡ፣ ኤል68111 የውጪው። ትንሹ ኤልኤም12749 የውስጡ፣ ኤልኤም12710 የውጪው። ባልዲው ሥር አንድ የተጨማደደ ቀጭን ቆርቆሮም ነበር፣ የተሰበረ የኩሽኔታ ቁራጭ መስሎኝ ወደ ጎን አደረግኩት።

በማግስቱ ወደ ሰውዬው ሄድን። ወረቀቱን አዩት፣ አራቱንም ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ብረቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። እናንተም ይህን አድርጉ። ሳጥን ማሳተም ቀላል ነው፣ የሳጥኑና የብረቱ ቁጥር ካልገጠመ ወይም ጽሑፉ ደብዛዛና ጠማማ ከሆነ መልሱት። ማኪያቶዬን ጠጣሁ፣ ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። የትንሹን የውጪ ቀለበት ሞዞው ውስጥ ሳስቀምጠው ጠብ ብሎ ገባ። በእጅ። ይህ ፈጽሞ መሆን የለበትም። የውጪ ቀለበት በመዶሻ፣ አሮጌውን ቀለበት ከላይ አድርጎ እየተመታ፣ እየጮኸ ነው የሚገባው። በጣት ግፊት ከገባ ሲሄድም እዚያው ውስጥ ይሽከረከራል፣ ሞዞውን ይበላል፣ ይግላል።

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ዕቃው ትክክል ነው፣ ግን አይገጥምም። ያኔ ነው የግራውን ጎማ የከፈትነው። የግራው ትንሹ የውጪ ቀለበት ላይ የተጻፈው ኤልኤም12711 ነበር። የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነች የተለየችው። 12710 ውጪያዊ ስፋቱ 45.237 ሚሊሜትር ነው፣ 12711 ደግሞ 45.974። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። የውስጡ ቁራጭ፣ 12749፣ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ስለዚህ አክስሉ ላይ ስትሞክሩት ልክ ይሆናል፣ ትሸወዳላችሁ። ትልቁም ላይ ይኸው ወጥመድ አለ፣ 68149 ከ68110 ጋርም ከ68111 ጋርም ይሠራል፣ አንዱ 59.131 ሌላው 59.975 ነው።

ያቺን ቆርቆሮ አስታወስኳት። ላምባ ውስጥ ደህና አድርጌ ሳጥባት አረንጓዴ ቀለም ወጣ። የለስላሳ ጣሳ ናት። ከጨረታው በፊት አንድ ሰው 12711 አጥቶ 12710 ገዝቶ፣ ሲላወስበት ጊዜ ጣሳ ቆርጦ ዙሪያውን ጠቅልሎ ሸጉጦታል። ለጊዜው ሄደ። ከዚያ ቆርቆሮዋ ሳሳች፣ ቀለበቱ ዞረ፣ ጎማው ጋለ። እኔ ደግሞ የዚያን ሰው ስህተት በጥንቃቄ አንብቤ፣ በጥንቃቄ ጽፌ፣ ብር ከፍዬ መልሼ ገዛሁት። አሮጌው ኩሽኔታ የሚነግራችሁ ምን ገብቶ እንደነበረ ነው፣ ምን መግባት እንዳለበት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጎማ ክፈቱ፣ ቁጥሮቹን አስተያዩ፣ ካልተስማሙ ሞዞውን ራሱን ለኩ።

በነገራችን ላይ ይህ 68149 ከ12749 ጋር የሚጣመርበት ስብስብ አውስትራሊያ ውስጥ በተሳቢዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ "የፎርድ ዓይነት" ይሉታል። ሌላው 67048 ከ11949 ጋር "የሆልደን ዓይነት" ነው። ድሮ እነዚያ መኪኖች ላይ ስለነበሩ ነው ስሙ የቀረባቸው። እዚያ በመኪና ስም ጠይቆ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ሶማሌ ተራ ግን ሆልደን ብትሉ የሚስቅባችሁ ነው የሚበዛው።

ቁጥሩ ጭራሽ የማይነበብ ከሆነስ? መለካት ነው። በማስመሪያ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 44643 የሚባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው አንድ ኢንች ነው፣ 25.4 ሚሊሜትር። 30205 ደግሞ 25 ሚሊሜትር ነው። በማስመሪያ ሁለቱም "ሃያ አምስት" ናቸው። አንዱ አክስሉ ላይ አይገባም፣ ሌላው ገብቶ ይላወሳል። ዲጂታል ካሊፐር (በመንጋጋው ቆንጥጦ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋችኋል፣ ከሌላችሁ ብረት ወደሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው። የሚለካው ሦስት ነገር ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው፣ የውጪ ስፋቱ፣ ሁለቱ ቁራጮች ሲገጠሙ ያላቸው ውፍረት። ኩሽኔታው ተፈጭቶ ካለቀ አክስሉንና የሞዞውን ቀዳዳ ለኩ። አክስሉ በአንድ በኩል ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ለኩና ትልቁን ያዙ።

በሚሊሜትር የተሠሩት ቁጥሮች ራሳቸው ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፣ የውስጥ ቀዳዳው ይወጣል። 30205 ስንል 05 በ5፣ 25። 30206 ደግሞ 30። የኳስ ኩሽኔታም እንዲሁ ነው፣ 6205 ቀዳዳው 25 ነው። (ከ04 በታች ያሉት ላይ ይህ አይሠራም።) የውጪ ስፋታቸውም 30205 እና 6205 አንድ ነው፣ 52፣ ግን አንዱ ሾጣጣ ሌላው ኳስ ነው፣ አይተካኩም። በኢንች የተሠሩትን፣ እነ 44643ን እና እነ 12749ን፣ እንዲህ አስልታችሁ አታገኟቸውም። ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው፣ ደግነቱ ስልክ ላይ ቁጥሩን ብትጽፉት መጠኑ ይወጣል።

እሺ፣ ወደ ሲሉ እንምጣ። ሁሉም ሰው ስለ ኩሽኔታው ይጨነቃል፣ ሲሉን ግን "አንድ ሲል ጨምርልኝ" ብሎ ነው የሚገዛው። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ሲሉ ነው እላለሁ። ሱሉልታ ክረምት ላይ ዋልካው ጎማውን እስከ መሐሉ ይውጠዋል። ሲሉ ትንሽ ከሳሳ ውሃው ይገባል፣ ግራሶው ይነጣል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዚያ ሰው ኩሽኔታውን ይወቅሳል። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ ጎማው ጀርባ ላይ የምታስረጩም ካላችሁ ተዉት፣ ያ ውሃ የሲል ከንፈር አያቆመውም።

ሲሉ ላይ ሦስት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 35 በ52 በ7። 35 ሲሉ የሚያቅፈው ዘንግ ነው፣ 52 የሚቀመጥበት ቀዳዳ፣ 7 ውፍረቱ፣ ሁሉም በሚሊሜትር። እና እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሲሉ የሚያሻሸው ኩሽኔታው የተቀመጠበትን የአክስል ክፍል አይደለም። ከኋላው ያለውን ወፈር ያለ፣ ለስላሳ አንገት ነው። የኩሽኔታውን ቀዳዳ ለክታችሁ "35 ነው፣ ሲሉም 35 ይሁን" ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ሲል በካሊፐር አትመኑት። ከንፈሩ ሳስቶ ሰፍቷል፣ ሲወጣም በካቻቢቴ ተጣሟል። ከንፈሩ የሚያርፍበትን አንገት ለኩ፣ ከዚያ የሞዞውን ቀዳዳ ለኩ። ሲሉ የሚቀመጥበት የሞዞ ቀዳዳ ከትልቁ የውጪ ቀለበት አይጠብም፣ ቀለበቱ የሚገባው በዚያው በር በኩል ስለሆነ። ለክታችሁ ከጠበበባችሁ አንድ ነገር ተሳስታችኋል።

አንገቱ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አሮጌው ሲል ለዓመታት ቆፍሮታል ማለት ነው። አዲስ ሲል እዚያው ቦይ ላይ ቢያርፍ በወሩ ያንጠባጥባል። ቶርኖ ቤት ቀጭን ቀለበት ያለብሱላችኋል። የእኛው ለክፉ አልነበረም፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን አለሰለስኩትና አለፍን።

ሻጩ ባለ አንድ ከንፈርና ባለ ሁለት ከንፈር አሳየን። ለአስፋልት ብቻ ከሆነ አንዱ ይበቃል። ለጭቃ መንገድ ባለ ሁለቱን ግዙ፣ ውስጠኛው ግራሶውን ይይዛል፣ ውጪኛው ጭቃውን ይከላከላል። ስትገጥሙት ቀጭኗ ስፕሪንግ የምትታይበት ጎን ወደ ግራሶው፣ ወደ ኩሽኔታው ይዙር። ጎረቤቴ "ቆንጆው ጎን ወደ ውስጥ ለምን አይሆንም? ውጪ ሲሆን ይቆሽሻል" ብሎ ተከራከረኝ። ሲል ለውበት አይገዛም ጋሼ፣ አልኩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ካራቫኑ ከአውሮፓ የመጣና አዲስ ቢጤ ከሆነ ሁለት ኩሽኔታ ላታገኙ ትችላላችሁ። አልኮ የሚባለውን የመሰሉ አክስል ሠሪዎች አንድ ወፍራም፣ ሁለቱም ጎኑ የተዘጋ ኩሽኔታ ይጠቀማሉ። ግራሶው ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የታሸገ ነው፣ የሚጨመር ነገር የለም። የሚወጣውና የሚገባው በፕሬስ ነው፣ በመዶሻ አይደለም። የሚያስረው ትልቅ ዳዶ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፣ በአልኮ ላይ በ290 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፣ ይህ በእጅ ግምት የሚሆን ነገር አይደለም። ከኩሽኔታው ጋር አዲስ ዳዶ ካላገኛችሁ ሥራውን አትጀምሩት።

የእኛ ዓይነቱ ሾጣጣ ግን ተቃራኒ ነው፣ ከመጠን በላይ ማሰር ይገድለዋል። አዲስ በርሜል ከአሮጌ ቀለበት ጋር አትቀላቅሉ፣ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን የሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2 መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በርሜሎቹ መሐል በሌላኛው በኩል እስኪወጣ ግፉት። አሮጌውን ግራሶ ጠርጋችሁ ጨርሱ እንጂ አዲሱን ከላዩ አትደርቡ። ጎማውን እያሽከረከራችሁ ዳዶውን ጠበቅ አድርጉ፣ ከዚያ መልሳችሁ አላሉት፣ ከዚያ በጣት ብቻ እስኪነካ አምጡት። ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ) አዲስ ይሁን። ጎማው ያለ ቀቅታ በነጻ ከዞረ በቂ ነው።

ሰውዬው 12710ን ያለ ክርክር ለወጡልን። ደግሞ ሳቁብን፣ "ነግሬያችሁ ነበር እኮ፣ ሞዞውን ለኩ ብዬ" አሉ። አላሉም ነበር፣ ግን ማን ይከራከራል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ካራቫኑ ሜዳው ላይ እንደደረሰ ጎረቤቴ ሁለቱን ክዳኖች በእጁ ዳሰሰ። ሁለቱም ለብ ብለዋል፣ እኩል። ማኪያቶዬን እስኪሠራ እኔ አራቱን ቁጥሮችና የሲሉን መጠን በማርከር የቁምሳጥኑ በር ጀርባ ላይ ጻፍኩ፣ ከዱቤ ዝርዝሩ በላይ። ከሥሩ እሱ ራሱ ጨመረበት፣ "11 ነው፣ 10 አይደለም፣ ጣሳ የለም።"